ትራክተር የማይፈሩ ወፎች
በሰሜን እስራኤል የሚገኘው የሁላ ረግረግ በ1950ዎቹ ለእርሻ ሲባል ደርቆ ነበር። በ1994 ከፊሉ ላይ ውኃ ተመልሶ ተለቀቀ፤ ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በብርዱ ወራት ከሩሲያና ከፊንላንድ የሚመጡ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ክሬኖች፣ ማለትም ባለ ረጅም እግር ግራጫ ወፎች፣ እዚያ ይሰፍራሉ። መጀመሪያ ማሳ ላይ የቀረውን ለውዝ ይለቃቅማሉ። ጣጣው የሚመጣው ለውዙ ሲያልቅ ነው፤ ገበሬው የዘራውን ዘር ከአፈር እየቆፈሩ ያወጣሉ። ስለዚህ በትራክተር በቆሎ ይበተንላቸዋል። ታዲያ ትራክተር ቀለብ አመላላሻቸው ስለሆነ፣ ጎብኚ የጫነ ተጎታች ይዞ ሲጠጋቸውም አይበረግጉም። አናታቸው ላይ ያለችው ቀይ ነጥብ ሳትቀር ትታያለች! በእግር የመጣ ሰው ግን ገና ከሩቅ ያስነሳቸዋል።

ሁሉም እዚያ አይከርሙም፤ ጉዟቸውን ቀጥለው ኢትዮጵያ የሚደርሱም አሉ። ቢሾፍቱ አጠገብ ያለው ጨለለቃ ሐይቅ አንዱ ማረፊያቸው ነው።