ፍሰትን ቅንጣት በቅንጣት

አቅራቢ፦ የወንዝ ውኃ ድንጋይ ዞሮ ሲያልፍ ከድንጋዩ ኋላ ይሽከረከራል። አዙሪቱን እናያለን፤ ውኃውን የሠሩትን ሞለኪውሎች ግን አንድ በአንድ መከተል አይቻልም። እጅግ ትንንሽና ፈጣን ናቸው።

ይሁን እንጂ በጀርመን፣ ጋርሺንግ፣ የማክስ ፕላንክ የምርምር ተቋም ተመራማሪዎች ፍሰትን ቅንጣት በቅንጣት መከተል እንደሚቻል እ.ኤ.አ. በ2004 በአቧራማ ፕላዝማ አሳዩ። ግፊቱ ዝቅ ባለ የአርገን ጋዝ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ጋዙ ያበራል፤ ፕላዝማ ይሆናል። በውስጡ ጥቂት ማይክሮሜትር ስፋት ያላቸው የፕላስቲክ ብናኞች ይበተናሉ። እያንዳንዱ ብናኝ በሺዎች የሚቆጠሩ ኤሌክትሮኖችን ይሰበስባል። ሁሉም ኔጋቲቭ ስለሆኑ ይገፋፋሉ፤ አንዱ ሲነቃነቅ ጎረቤቱም ይነቃነቃል፤ በዚህም እንደ ፈሳሽ አብረው ይፈስሳሉ።

ድንቁ ነገር እዚህ ላይ ነው። በስሱ የተዘረጋ የሌዘር ብርሃን ያበራቸዋል፣ ካሜራ ይቀርጻቸዋል። እንቅስቃሴያቸው ዝግ ያለ ስለሆነ የእያንዳንዷን ብናኝ መንገድ መከተል ይቻላል። ፍሰቱ እንቅፋት ሲገጥመው የትኛዋ ብናኝ ከመስመሯ እንደወጣች፣ አዙሪቱም ከየት እንደጀመረ ይታያል። ስንት ቅንጣት ሲሰባሰብ ነው ፈሳሽ የሚባለው? እኔን ከሁሉ የሚማርከኝ ይህ ጥያቄ ነው።

ምድር ላይ ስበት ብናኞቹን ወደ ታች ይጎትታቸዋል። ስለዚህ ሩሲያና ጀርመን እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ የአቧራማ ፕላዝማ ሙከራዎችን በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይም ያካሂዱ ጀመር።