ብርሃንን ለሥራ የሚያሰማሩ ፖሊመሮች

በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር



የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የመዳቡን ሽቦ በፕላስቲክ የሚሸፍነው ፕላስቲክ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ነው። ይህ የቆየ እምነት የተናጋው እ.ኤ.አ. በ1977 አለን ሂገር፣ አለን ማክዳያርሚድና ሂዴኪ ሺራካዋ ፖሊአሲቲሊን የተባለው ፖሊመር በአዮዲን ትነት ሲነካ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ችሎታው እጅግ ብዙ እጥፍ እንደሚያድግ ባስታወቁ ጊዜ ነበር። ሦስቱም በ2000 የኖቤልን የኬሚስትሪ ሽልማት ተቀብለዋል። ለዛሬው ጉዳይ ግን ይበልጥ የሚያስፈልገው ሌላው ጠባያቸው ነው፤ ይኸውም ነጠላና ድርብ ትስስር የተፈራረቁባቸው እነዚህ ሰንሰለቶች ምንም ሳይጨመርባቸው ከፊል አስተላላፊዎች መሆናቸውና ብርሃንን መዋጣቸው ነው።

ብርሃን የዋጠ ከፊል አስተላላፊ ውሃን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ሊከፍል እንደሚችል አኪራ ፉጂሺማና ኬንኢቺ ሆንዳ በ1972 በታይታኒየም ዳይኦክሳይድ አሳይተዋል። ይሁን እንጂ ይህ ማዕድን ሥራውን የሚጀምረው ቢያንስ 3 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ኃይል ያለው ብርሃን ሲያገኝ ነው። እንዲህ ያለው ብርሃን በአብዛኛው ከሐምራዊ በላይ ያለው የማይታየው ጨረር ሲሆን፣ ምድር ከሚደርሰው የፀሐይ ኃይል ውስጥ ድርሻው ከመቶ 5 እጅ አካባቢ ብቻ ነው። ለማዕድኑ ይህ የኃይል ክፍተት የተፈጥሮ ዕጣው ነው። የፖሊመሩ ክፍተት ግን በኬሚስቱ እጅ ነው። አንዱን የቀለበት ሞለኪውል በሌላ በመተካት ክፍተቱን ማጥበብም ማስፋትም ይቻላል።

በጃፓን የያናጊዳ ቡድን ፖሊፓራፌኒሊን የተባለውን ፖሊመር ለሃይድሮጅን ማመንጫነት የተጠቀመው በ1985 ነው። ሥራው ለብዙ ዓመታት የሚገባውን ያህል ተከታይ አላገኘም። በ2009 የካርቦን ናይትራይድ ውጤት ሲታተም ጉዳዩ እንደገና ተነሣ፤ ክፍተቱ 2.7 ኤሌክትሮን ቮልት ስለሆነ እስከ 460 ናኖሜትር ያለውን ሰማያዊ ብርሃን ይውጣል። ይህን ቢጫ ዱቄት ገበሬው ለማዳበሪያ ከሚጠቀምበት ከዩሪያ እንኳ፣ በ550 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በማቃጠል ማዘጋጀት ይቻላል። በ2015 ደግሞ የእንግሊዝ አገሩ የሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ ቡድን ክፍተታቸው ከ2.95 እስከ 1.94 ኤሌክትሮን ቮልት ደረጃ በደረጃ የሚወርድ ተከታታይ ፖሊመሮች ሠርቶ አቀረበ።

ከዚያ ወዲህ የወጡት ጽሑፎች አብዛኞቹ ስለ ቀለም ይናገራሉ። ነገር ግን ቀለም የሥራው መጀመሪያ እንጂ ሥራው አይደለም። በፖሊመር ውስጥ ብርሃን የቀሰቀሰው ኤሌክትሮን ለቆት ከሄደው ባዶ ቦታ በቀላሉ አይላቀቅም፤ ሁለቱ ተሳስበው ኤክሳይቶን የሚባለውን ጥንድ ይፈጥራሉ። ጥንዱ እስኪከስም ድረስ የሚጓዘው 10 ናኖሜትር ያህል ብቻ ነው። የፖሊመሩ ቅንጣት ከዚህ እጅግ የወፈረ እንደሆነ በመካከሉ የተዋጠው ብርሃን ወደ ሙቀት ተለውጦ ይቀራል። ስለዚህም ነዳፊው ስለ ውሃው አስቀድሞ ማሰብ ይኖርበታል። ዘይት እንደተቀባ ቆዳ ውሃን የሚገፋ ሰንሰለት፣ ቀለሙ የቱንም ያህል ቢያምር አይሠራም። ሰልፎን የተባለውን የድኝና የኦክስጅን ክፍል በሰንሰለቱ ላይ የተሸከሙ ፖሊመሮች ከሌሎቹ የበለጡበት አንዱ ምክንያት ውሃን ወደ ሰንሰለቱ ስለሚያቀርቡ ነው።

እዚህ ላይ በጥንቃቄ ሊታይ የሚገባ ነገር አለ። ከእነዚህ ፖሊመሮች ብዙዎቹ የሚሠሩት በሱዙኪ የማጣመር አፀግብሮት ሲሆን፣ የዚህ አፀግብሮት ካታሊስት ፓላዲየም ነው። ምርቱ ደጋግሞ ቢታጠብም ፓላዲየሙ ሙሉ በሙሉ አይወጣም፤ ፓላዲየም ደግሞ ሃይድሮጅንን ለማመንጨት ራሱ የታወቀ ካታሊስት ነው። በ2018 የወጣ ጥናት ከሚሊዮን 40 እጅ ያነሰ ፓላዲየም እንኳ የሃይድሮጅኑን መጠን እንደሚለውጥ አረጋግጧል። እንግዲህ የፓላዲየሙን መጠን ሳይለኩ ሁለት ፖሊመሮችን ማወዳደር የእጥበታቸውን ጥራት ማወዳደር ሊሆን ይችላል። «ብረት አልባ» የሚለው ቃልም እንዲሁ በቀላሉ የሚጻፍ መሆን አልነበረበትም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የአፀግብሮቱ ሌላ ግማሽ ነው። ሃይድሮጅን ለመሥራት ሁለት ኤሌክትሮኖች ይበቃሉ። ከውሃ ኦክስጅን ለማውጣት ግን አራት ኤሌክትሮኖች መነሣት አለባቸው፤ ይህም አዝጋሚ ስለሆነ፣ በአብዛኞቹ ሙከራዎች ውሃው እንዲተው ተደርጎ በምትኩ ኤሌክትሮን የሚለግስ ውሁድ ይጨመራል። ይህንንም የሙያው ሰዎች «መሥዋዕት» ይሉታል፤ ስሙ ከሥራው ጋር በሚገባ ይስማማል። ስሌቱን ማየት ይጠቅማል። አንድ የትራይኢታይልአሚን ሞለኪውል ሁለት ኤሌክትሮኖች ቢሰጥ፣ 2 ግራም ሃይድሮጅን ለማግኘት 101 ግራም ትራይኢታይልአሚን ይጠፋል። ይህ አሚን በፋብሪካ ከአሞኒያና ከኢታኖል የሚሠራ ነው፤ አሞኒያው ደግሞ በአብዛኛው ራሱ ከሃይድሮጅን የተሠራ ነው። በብር ገዝቶ በሳንቲም መሸጥ ማለት ይህ ነው! እንዲህ ያለው ሙከራ የፖሊመሩን ጠባይ ለማጥናት ተገቢ ነው፤ ውጤቱን «ውሃን መክፈል» ብሎ መሰየም ግን ተገቢ አይደለም። በአንድ ግራም ካታሊስትና በአንድ ሰዓት የሚገለጸው ታላላቅ አኃዝም፣ መብራቱና የዕቃው ቅርጽ ከቤተ ሙከራ ቤተ ሙከራ ስለሚለያይ፣ በተወሰነ የሞገድ ርዝመት የተለካ የብርሃን ምርት ካልተጨመረበት ብዙ አይናገርም።

ያለ መሥዋዕት መሥራት የማይቻል አይደለም። በ2022 ፓላዲየምና ኢሪዲየም የተጫነበት የሰልፎን ፖሊመር በሚታይ ብርሃን ውሃን ለሁለቱ ጋዞች እንደሚከፍል ታይቷል። ሆኖም ኢሪዲየም ብርቅና ውድ ነው። ይበልጥ ተስፋ የሚሰጠው ምናልባት ሌላ አፀግብሮት መምረጥ ነው። በ2019 የኦሳካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሬዞርሲኖልና ከፎርማልዲሃይድ በተሠራ ሙጫ፣ ማለት በአሮጌ የመብራት ማብሪያዎች ላይ ለሚታየው ባክላይት የሥጋ ዘመድ በሆነ ፖሊመር፣ ከውሃና ከኦክስጅን ብቻ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሠሩ። ከፀሐይ ኃይል ወደ ኬሚካዊ ኃይል የተለወጠው ከመቶ 0.5 እጅ ያህል ነበር። አኃዙ ትንሽ ቢመስልም መሥዋዕት አልተከፈለበትም፤ ምርቱም ቁስል ለማጽዳትና ጨርቅ ለማንጣት የሚፈለግ ነው። የቀረው ችግር ፈሳሹ በመድኃኒት ቤት ጠርሙስ ካለው ከመቶ 3 እጅ እጅግ የቀጠነ መሆኑና ፐርኦክሳይዱ በዚያው ብርሃን ሥር ተመልሶ መበተኑ ነው።

በዚህ መስክ ለመግባት አገሪቱ ባዶ እጅዋን አይደለችም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከስዊድኖቹ የቻልመርስና የሊንሾፒንግ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር በመተባበር ለፀሐይ ኃይል ሴሎች የሚሆኑ ፖሊመሮችን ለዓመታት ሲሠሩና ሲያጠኑ ቆይተዋል። ሰንሰለቱን የማጣመሩ ሙያ አንድ ነው። ልዩነቱ የሴሉ ፖሊመር ከእርጥበት ተጠብቆ በመስተዋት መካከል ሲኖር፣ የካታሊስቱ ፖሊመር ግን ኑሮው በውሃ ውስጥ መሆኑ ነው። በመሆኑም ሰንሰለቱ በዘይት መሰል ማሟሚያ እንዲሟሟ የተንጠለጠሉበት የሃይድሮካርቦን ጭራዎች ውሃ ወዳድ በሆኑ የግላይኮል ጭራዎች መተካት፣ የፓላዲየሙም መጠን ከመጀመሪያው እጥበት ጀምሮ መመዝገብ ይኖርበታል።