ስለ ቤተ እስራኤል ሕግና ልማድ ለመምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተነገረ ንግግር



ከዳባትና ከደባርቅ ዠምሮ በአምቢኮ በኩል እስከ ራስ ደጀን ግርጌ ድረስ ባሉት ትምህርት ቤቶች ለምታስተምሩና ለምትመክሩ ሁሉ ዛሬ የምናገረው፣ በሰሜንና በወገራ ከአባቶቻችን ጋራ ብዙ ዘመን ስለ ኖሩት ስለ ቤተ እስራኤል ነው። ይህን ነገር የመረጥሁት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ እነርሱን በዐይኑ ያየ ሽማግሌ ከዓመት ወደ ዓመት እያነሰ ሄዷል፤ ሁለተኛም፣ ሰዎቹ ከአገር ከወጡ በኋላ እውነቱ ተረስቶ ሐሜቱ ብቻ ለልጆቻችን ርስት ሆኖ እንዳይቀር ያሰጋል።

በመጀመሪያ ስማቸውን እናቅና። አገሬው ፈላሻ፣ አንዳንድ ጊዜም ካይላ ይላቸው ነበር፤ እነርሱ ግን ራሳቸውን ቤተ እስራኤል ብለው ይጠራሉ። ሰውን ባልወደደው ስም መጥራት የትምህርት ምልክት አይደለምና፣ መምህር በክፍሉ ውስጥ የሚጠራቸው በዚሁ በራሳቸው ስም ሊሆን ይገባል።

ሕጋቸው ኦሪት ናት። ያነበቧትም የጸለዩባትም እንደ እኛ ሊቃውንት በግዕዝ ነው፤ የጸሎት ቤታቸውም መስጊድ ይባላል፤ አገልጋዮቻቸውም ቄሶች ይባላሉ። ሕጉ በመጽሐፍ ብቻ ተዘግቶ የሚቀመጥ አልነበረም፤ በምድጃው፣ በወንዙና በገበያው ላይ የሚታይ ነበር እንጂ።

ይህም ከሁሉ ይልቅ የሚታወቀው በሰንበት ነው። ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ምግቡ ይዘጋጃል፤ ልብሱ ይታጠባል፤ ሰውም በወንዝ ገላውን ይታጠባል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ እሳት አይነድም፤ ውሃ አይቀዳም፤ መንገድ አይኬድም፤ የቀጥቃጩም ወናፍ ዝም ይላል። በማግስቱ የሰንበት ዳቦ ወደ መስጊድ ይወሰድና ቄሱ ባርኮት ሕዝቡ በኅብረት ይቀምሰዋል። ቅዳሜ ገበያ በሚውልበት አገር የሚኖር ቀጥቃጭ ማረሻና ማጭዱን ሳይሸጥ መዋሉ ለድኻ ቤት ቀላል ጉዳት አይደለም። እርሱ ግን ጥቅሙን ትቶ ሕጉን ጠበቀ። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ቀዳሚት ሰንበት ከእሑድ ጋራ እንድትከበር ስለ ተወሰነ፣ ይህ ነገር ለእኛም ባዕድ አይደለም።

የበዓላቱ ስም ራሱ ለግዕዝ ዐዋቂ ትምህርት ነው። አስተሥርዮ የኃጢአት ማስተስረያ ቀን ነው፤ መጸለት የዳስ በዓል፣ ማእረርም የመከር በዓል ነው። በፋሲካ ጊዜ የቦካ ነገር ሁሉ ከቤት ይወጣል፤ ዕቃው ይጸዳል፤ በመጀመሪያው ወር በ14ኛው ቀን ማታ በግ ይሠዋ ነበር፤ ከዚያም 7 ቀን ቂጣ ብቻ ይበላል፤ ጠላም አይጠጣም። ስግድ የሚባለው ደግሞ ከአስተሥርዮ 50 ቀን በኋላ፣ በስምንተኛው ወር በ29ኛው ቀን ይውላል፤ በእኛ አቈጣጠር ብዙ ጊዜ በኅዳር ይሆናል። በዚያ ቀን ሕዝቡ ጾሞ፣ ቄሶቹ ኦሪትን ይዘው ወደ ተራራ ይወጣሉ፤ የቃል ኪዳኑ ንባብ ይሰማል፤ ስለ ኢየሩሳሌምም ይጸለያል፤ ከዚያ በኋላ ወርደው በደስታ ይበላሉ።

ንጽሕናን በሚመለከት ሕጋቸው ጥብቅ ነበር። ወንድ የወለደች ሴት 40 ቀን፣ ሴት የወለደች 80 ቀን ከቤቷ ተለይታ በጎጆ ትቀመጥ ነበር፤ ይህም የቀን ቍጥር በእኛ ዘንድ ሕፃን ለጥምቀት ከሚቀርብበት ቀን ጋራ አንድ ነው። በስምንተኛው ቀን መገረዝም የጋራችን ልማድ ነው። የሌላ እምነት ሰው የነካቸው እንደ ሆነ ታጥበው ይነጹ ስለ ነበር ሥርዐቱ «አትንኩኝ» ይባል ነበር። ጎረቤቱ ይህን እንደ ንቀት ቈጥሮት ይሆናል፤ ለእነርሱ ግን የኦሪትን ሕግ መፈጸም ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንግባ። ቤተ እስራኤል ቀድሞ በሰሜን ተራራ የራሳቸው አለቆች ነበሯቸው። ዐፄ ሠርፀ ድንግል በ16ኛው መቶ ዓመት፣ ዐፄ ሱስንዮስም በ17ኛው መቶ ዓመት መዠመሪያ ወግተው ኀይላቸውን ሰበሩት። ርስት ያጣ ሰው በእጁ ሥራ መኖር ግድ ይሆንበታል፤ ስለዚህ ወንዶቹ ቀጥቃጭ፣ ሸማኔና ግንበኛ፣ ሴቶቹም ሸክላ ሠሪ ሆኑ። በጎንደር ነገሥታት ዘመን በግንብና በዐናጢ ሥራ አገልግለዋል። ገበሬው ማረሻውን፣ ሴቲቱም ምጣዷንና እንስራዋን ከእነርሱ ስትገዛ ኖረች። ነገር ግን ብረትን በእሳት የሚያለዝበውን ጥበብ ያላወቀ ሰው ባለ እጁን ቡዳ አለው፤ ልጅ በታመመ ጊዜም በደሉ በእርሱ ላይ ይለጠፍ ነበር። ይህ ሐሰት ነው። በሽታ የሚመጣ በተበከለ ውሃ፣ በትንኝና በመሳሰለው ነው እንጂ በሰው ዐይን አይደለም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በዐዋጅ ከልክለው ነበር፤ ስድቡ ግን ከዐዋጁ ይልቅ ዕድሜው ረዘመ።

በኋላም ጊዜው ተለወጠ። በ1977 ዓ.ም. ብዙዎች በእግራቸው ወደ ሱዳን ወርደው በዘመቻ ሙሴ ወደ እስራኤል አገር ተጓዙ፤ በመንገድና በስደተኞች ሰፈር በራብና በበሽታ ያለቁት እስከ 4 ሺህ እንደሚደርሱ ይገመታል። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን ከ14 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች በ36 ሰዓት ገደማ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወሰዱ። በ2000 ዓ.ም. የእስራኤል ምክር ቤት ስግድን በሕግ የአገር በዓል አደረገው። በእነዚህ ተራሮች የተጠበቀው ጸሎት ዛሬ በኢየሩሳሌም ይሰማል።

እንግዲህ የእናንተ ድርሻ ሦስት ነው። መምህራን፣ በትምህርት ቤታችሁ የቀጥቃጭ ወይም የሸክላ ሠሪ ልጅ ቡዳ ተብሎ ሲሰደብ ዝም አትበሉ፤ ዝምታችሁ ለተማሪው እንደ ምስክር ይቈጠራልና። ሽማግሌዎች፣ መስጊዱ የት እንደ ነበረ፣ ቀጥቃጩ ማን እንደ ነበረ፣ በሰንበትና በሐዘን ጊዜ ከጎረቤት ጋራ እንዴት ይኖሩ እንደ ነበረ ለልጆቹ ንገሩ፤ ልጆቹም በደብተራቸው ይጻፉት። ሦስተኛም፣ የመቃብራቸው ስፍራ እንዳይታረስ፣ ድንጋዩም ለአጥር እንዳይነሣ ጠብቁ፤ ከሩቅ አገር የአያቱን መቃብር ፈልጎ የሚመጣ ሰው አለና።

በዚህ አገር የታረሰው ምድር በእነርሱ ማረሻ ታርሷል። ልጆቻችን ይህን ቢያውቁ ለሄደው ጎረቤት ክብር ይሆናል፤ ዛሬ በመካከላችን በእጁ ሠርቶ ለሚያድረውም ሰው ዕረፍት ይሆንለታል።

እግዚአብሔር ማስተዋልን ይስጠን።