የተማሪው መብዛትና የትምህርት ጊዜ አከፋፈል



የዛሬው ንግግሬ ስለ መማሪያ ክፍሎች መጣበብና ይህንኑ ችግር ለማቃለል ስለሚደረገው የትምህርት ጊዜ አከፋፈል ነው።

በአገራችን በ1987 ዓ.ም. 3 ሚሊዮን ያህል የነበረው የአንደኛ ደረጃ ተማሪ፥ በ2000 ዓ.ም. ከ14 ሚሊዮን በላይ ሆኗል። ሕዝብ ልጁን ለትምህርት መስጠቱ እጅግ የሚያስደስት ነው፤ ነገር ግን የትምህርት ቤት ግንብ እንደ ተማሪው ቍጥር ፈጥኖ አያድግም። ከዚህም የተነሣ አንዱ ክፍል ጧት ለአንዱ፥ ከቀትር በኋላ ለሌላው የሚያገለግልበት የፈረቃ ትምህርት በየከተማው የተለመደ ሆነ።

ሌሎች ደግሞ ቀኑን ሳይሆን ዓመቱን መከፋፈል መርጠዋል። በአሜሪካ፥ በኢሊኖይ ግዛት፥ ቫሊ ቪው የተባለው የትምህርት ወረዳ በ1970 እ.ኤ.አ. ተማሪዎቹን በ4 ምድብ ከፍሎ፥ እያንዳንዱ ምድብ 45 የትምህርት ቀን ተምሮ 15 ቀን እንዲያርፍ አደረገ። 3ቱ ምድቦች ሲማሩ አንዱ ስለሚያርፍ፥ በዚህ ስሌት 600 መቀመጫ ያለው ትምህርት ቤት 800 ልጆች ያስተምራል ማለት ነው። በፈረቃ ቢሆን ያው ትምህርት ቤት 1,200 ይቀበላል። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ዘዴ ከልጁ የትምህርት ቀን ምንም አይቀንስም፤ ፈረቃው ግን ቀኑን ለሁለት ይከፍልበታል።

ከሎስ አንጀለስ ከተማ የምናገኘው ትምህርት ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። በዚያ ተማሪው በ3 ምድብ ተከፍሎ ሁለቱ ሲማሩ አንዱ የሚያርፍበት ሥርዓት በአያሌ ትምህርት ቤቶች ተሠርቶበት ነበር። የዓመቱ የትምህርት ቀን ከ180 ወደ 163 ወረደ፤ ለማካካሻም የየዕለቱ ሰዓት እንዲረዝም ተደረገ። ለችግር መውጫ የታሰበው ነገር ግን ለብዙ ዓመታት ቈየ። በ2000 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ መንግሥት ላይ ስለ ትምህርት መጓደል ክስ ቀረበ፤ በ2004 ጉዳዩ በስምምነት ሲያልቅ፥ ይህ ሥርዓት እስከ 2012 ድረስ ፈጽሞ እንዲቀር ተወሰነ።

ለእኛስ የትኛው ይበጃል? ዓመቱን እያዞሩ መከፋፈል አንዱን ምድብ በሐምሌና በነሐሴ ለትምህርት ያስቀምጠዋል። በቆርቆሮ ክዳን ላይ ዝናብ ሲወርድ የመምህሩ ድምፅ አይሰማም፤ በገጠር ወንዙ ይሞላል፤ የአረሙም ሥራ የልጁን እጅ ይሻል። ስለዚህ ፈረቃው ከእነጕድለቱ ለአገራችን የቀረበ ነው። ነገር ግን ሦስት ጥንቃቄ ያስፈልገዋል።

አንደኛ፥ አንዱ ልጅ ዘወትር የከሰዓት በኋላ ተማሪ ሆኖ እንዳይቀር፥ ፈረቃው በየጊዜው ይለዋወጥ። ሁለተኛ፥ ያለ ትምህርት የሚያልፈው ግማሽ ቀን በቤተ መጻሕፍትና በጥናት ክፍል ይካካስ፤ መምህሩም ሁለቱን ፈረቃ ያለ ዕረፍት እንዲሸከም አይደረግ። ሦስተኛውና ዋናው፥ ፈረቃውን የሚፈቅደው ደብዳቤ ሲጻፍ፥ ፈረቃው የሚያበቃበት ዘመንና እስከዚያ የሚሠሩት ክፍሎች ቍጥር አብሮ ይጻፍ። ማብቂያው ያልተነገረለት ጊዜያዊ ደንብ ቋሚ ሆኖ እንደሚቀር በመሥሪያ ቤት የምንውል ሁሉ እናውቀዋለን።

ያልተፈጸመ በጀት ወደ ከርሞ ሊዛወር ይችላል፤ ለሕፃን የተጓደለ የትምህርት ሰዓት ግን ወደ ከርሞ አይዛወርም። ይህን አስባችሁ፥ በሥራችሁም በቤታችሁም እንድትተጉበት አደራ እያልሁ ንግግሬን በዚህ እፈጽማለሁ።