«እንዴት ነሽ?» ስንባባል መልሱን እንጠብቅ
(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ዓመት አንዲት አባላችን ሰገራዋ ላይ ደም እያየች «ኪንታሮት ነው» ብላ ለወራት ደብቃን ቆየች። በየሳምንቱ አብረን ቡና ስንጠጣ መክሳቷን እያየን እኛም አልጠየቅናትም። ሐኪም ዘንድ ስትቀርብ የትልቁ አንጀት ካንሰር ጉበቷ ደርሶ ነበር። ዛሬ ሕክምና ላይ ናት፤ ታሪኳን እንድንናገርም ፈቅዳልናለች።

ከአንጀት ተነስቶ ጉበት እንዴት ደረሰ? ካነበብነውና ነርስ የሆነችው አባላችን ካስረዳችን እናካፍላችሁ።

የአንጀታችን የውስጥ ሽፋን በየጥቂት ቀኑ ይታደሳል። ለዚህም ሴሎቹ «ተባዙ» የሚል ኬሚካላዊ መልእክት ይደርሳቸዋል፤ ከመልእክቱ መንገዶች አንዱ «ዊንት» ይባላል። «ኤፒሲ» የተባለው ጂን ደግሞ «ይበቃል» የማለት ሥራ አለው። ይህ ጂን ሲበላሽ መልእክቱ ማቆሚያ ያጣል፤ ሴሎቹ ያለ ልክ ይባዙና ፖሊፕ የሚባል ትንሽ እብጠት ይፈጠራል። «ኬራስ»ን የመሰሉ ሌሎች ጂኖች ሲጨመሩበት፣ ብዙውን ጊዜ ከዓመታት በኋላ፣ እብጠቱ ካንሰር ሊሆን ይችላል።

ካንሰሩም በተራው መልእክት ይልካል። «ቪኢጂኤፍ» በተባለ ፕሮቲን አዳዲስ የደም ሥሮችን ወደ ራሱ ይጠራል። ከጎረቤቶቻቸው ጋር የያዛቸው ማያያዣ የላላባቸው ሴሎች ተነጥለው ወደ ደም ይገባሉ። ከትልቁ አንጀት የሚነሳው ደም በአብዛኛው በቅድሚያ የሚያልፈው በጉበት ስለሆነ ብዙ ጊዜ እዚያ ያርፋሉ።

እነዚህን መልእክቶች የሚያግዱ መድኃኒቶች አሉ፤ አንዱ፣ ቤቫሲዙማብ፣ በ2004 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ለዚህ ካንሰር ተፈቅዷል። ፖሊፑ ካንሰር ሳይሆን በኮሎኖስኮፒ ከተገኘ ግን አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ተቆርጦ ይወጣል። ጉዞው ሳይጀመር ይቆማል ማለት ነው።

ስለዚህ እህቶቻችን፣ ሰገራ ላይ ደም ስታዩ፣ የሰገራ ልማዳችሁ ሲለወጥ፣ ያለ ምክንያት ስትከሱ ወይም ደም ማነስ ሲገኝባችሁ ተመርመሩ። ኪንታሮት ሊሆን ይችላል፤ የሚለየው ግን ሐኪም ነው። ብቻ መሄድ ከከበዳችሁ አንዳችን አብረን እንሄዳለን። ደጋፊዎቻችንም ለምርመራና ለመጓጓዣ እንድታግዙን አደራ እንላለን።

«እንዴት ነሽ?» «እግዜር ይመስገን» ብለን ብቻ አንለፍ። ደግመን እንጠያየቅ። ደም ማየት ነውር አይደለም፤ የሚጎዳን መደበቁ ነው።