ድመትና ልቃቂት

ዛሬ ከኢር ያሚም ስለ ድመትና ስለ ክር ነው የማወራችሁ። አትሳቁ!

እዚህ ነታንያ የመንገድ ድመት በየሕንፃው ሥር አለ፤ አንዳንዱ በበረንዳ ገብቶ ቤተኛ ይሆናል። እናቶቻችን ዳንቴል ወይም ኪፓ ሲሠሩ ደግሞ ልቃቂቱ ወለል ላይ ይንከባለላል። ድመቷ ስታሳድደው ያስቃል፤ ከዋጠችው ግን አደጋ ነው። ምላሷ ላይ ወደ ጉሮሮ የዞሩ እሾህ መሳይ ነገሮች ስላሉ መትፋት ይከብዳታል። የክሩ አንድ ጫፍ ምላሷ ሥር ወይም ጨጓራዋ ውስጥ ተይዞ ከቀረ፣ አንጀቷ ሌላውን ሲገፋ በመቀነት እንደታሰረ ቀሚስ ይሸበሸባል፤ ሊቀደድም ይችላል። ከዚያ ኦፕራሲዮን ነው።

ስለዚህ ክር ከአፏ ወይም ከኋላዋ ወጥቶ ብታዩ እንዳትጎትቱት! ቶሎ ወደ ቬተሪናር ውሰዷት። ካስመለሳት፣ ምግብም እምቢ ካለች፣ ሳትዘገዩ ሂዱ።

መከላከያው ላይ አያቶቻችን ቀድመውናል ባይ ነኝ፤ ጥጣቸውን ክዳን ባለው ሙዳይ ነበር የሚያስቀምጡት። ሙዳይ ከሌለ፣ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ብሱና ክሩን በቀዳዳው አውጡት። መርፌና ቁርጥራጭ ክርም እዚያው ይግባ፤ ሰው የሚረሳው ቁርጥራጩን ነው። ድመቷን ደግሞ ሥራ ሳትጀምሩ በኳስ አጫውቷት፤ ሲደክማት ትተኛለች።