ነገም እንደዛሬው ይውጣ

ቢስሚላህ። የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ የተከበራችሁ መምህራን፣ የዛሬው ቀን ባለቤቶች የሆናችሁ ተመራቂዎች፤ አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንኳን ለዚህ ቀን አበቃችሁ።

ከኡሙል ቁራ ዩኒቨርሲቲ የተመረቃችሁ መካ ውላችሁ መጥታችኋል። ከንጉሥ አብዱልዐዚዝ ዩኒቨርሲቲ የተመረቃችሁ እዚሁ ጅዳ ናችሁ። ከቱወሉ ዩኒቨርሲቲ የመጣችሁም አላችሁ። ሐበሻ በስደት አገር አንድ የማስተርስ ምሩቅ ለማውጣት ምን እንደሚከፍል ግን ከእኔ ይልቅ ከኋላ የተቀመጡት ያውቁታል። በሰው ቤት ሠርታ የወንድሟን ትምህርት ያስቀጠለች እህት እዚህ አለች። ሌሊት መኪና ሲነዳ አድሮ ጠዋት ልጁን ትምህርት ቤት በር ላይ ያደረሰ አባት እዚህ አለ። ተመራቂዎች፣ እስቲ ዞር በሉና የመጀመሪያውን ጭብጨባ ለእነሱ ስጡልኝ።

ጋባዦቼ ስለ ኢንዱስትሪያል ኬሚስትሪ አንድ ነገር በል ብለውኛል። እኔ የወሎ ልጅ ነኝ፤ አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በጨርቃጨርቅ ማቅለሚያ ክፍል ነው። ማቅለሚያ ክፍል ውስጥ ሰው የሚፈተነው ሰኞ ያወጣውን ሰማያዊ ሐሙስም ያንኑ አድርጎ በማውጣቱ ነው። ሰኞ ያማረ ቀለም ማውጣት ብዙ ሰው ይችላል። ሐሙስ ግን ውኃው ጠንከር ብሎ ይመጣል፤ ጥጡ ከሌላ እርሻ የተለቀመ ይሆናል፤ የእንፋሎቱ ግፊት ይወርዳል፤ የሌሊቱ ፈረቃ ደክሞታል። ይህ ሁሉ ተደራርቦም የሸሚዙ እጅጌና ደረት ሁለት ዓይነት ሰማያዊ ከሆኑ ገዢው ዕቃውን ይመልሰዋል። ምክንያታችሁን አይሰማም።

እናንተ በጥናታችሁ አንድ ነገር እንደሚቻል አሳይታችኋል። ሙከራውን ሦስት ጊዜ ደገማችሁ፣ አማካዩን ወሰዳችሁ፣ ለፈታኞቻችሁ አቀረባችሁ፣ አለፋችሁ። ፋብሪካ ሦስት ጊዜ አይበቃውም። በቀን ሦስት ፈረቃ እየሠራ ዓመቱን ሙሉ ይደግመዋል። ዛሬ ይዤላችሁ የመጣሁት ቁም ነገር ይኸው ነው፦ የኢንዱስትሪ ኬሚስት ክብሩ ነገም እንደዛሬው እንዲወጣ ማድረጉ ላይ ነው።

ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ አልሄድም። መካ ኡም አል ጁድ ሰፈር ያለውን የኪስዋ ፋብሪካ አስቡ። የካዕባ ልብስ ለረጅም ዘመን ከግብፅ ይመጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1927 መካ ውስጥ የራሱ ፋብሪካ ተቋቋመለት፤ ኡም አል ጁድ ያለው ሕንፃ ሥራ የጀመረው በ1977 ነው። ለአንድ ኪስዋ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ግራም ጥሬ ሐር ይገባል። ጥሬ ሐር ሴሪሲን በሚባል ሙጫ መሰል ፕሮቲን ተሸፍኖ ነው የሚመጣው፤ ከክብደቱ ሩብ ያህሉ ይህ ሙጫ ነው። በሙቅ ውኃና በሳሙና ካልታጠበ ቀለሙን በወጉ አይቀበልም። አልካሊው ከበዛ ወይም ሙቀቱ ካለፈ ደግሞ ሙጫውን አልፎ ፋይብሮይን የሚባለውን፣ ሐሩን ራሱን ይጎዳዋል። መሐል ላይ ያለችው ጠባብ መንገድ የኬሚስቱ ናት።

ከዚያ የውጪው ጥቁር፣ የውስጡ አረንጓዴ ሆኖ ይነከራል። የውጪው 47 ቁራጭ ነው፤ እያንዳንዱ 14 ሜትር ይረዝማል። ጎን ለጎን ሲሰፋ የአንዱ ጥቁር ከሌላው ቢለይ በዓለም ያለ ሙስሊም ሁሉ ያየዋል። የመካን ፀሐይ አንድ ዓመት ሙሉ መቋቋምም አለበት። ስለዚህ ፋብሪካው የራሱ ላቦራቶሪ አለው፤ የክሩ ጥንካሬና የቀለሙ ጽናት እዚያ ይመረመራሉ። ከዚያ ሥራ በላይ ንጹሕ ኒያ የሚጠይቅ ሥራ የት ይገኛል? ኒያው እያለም ይለካል። በኢኽላስ የሚሠራ ሰው መለኪያ አይፈራም።

ሁለተኛው ማስረጃ ዛሬ ጠዋት የጠጣችሁት ውኃ ነው። የቀይ ባሕር ውኃ በአንድ ሊትር 40 ግራም ያህል ጨው አለው፤ ከአብዛኞቹ ሌሎች ባሕሮች ይበልጣል። ጅዳ ባሕር አጣርታ መጠጣት የጀመረችው ገና በኦቶማኖች ዘመን ማብቂያ ነው፤ የዚያን ጊዜውን ማጣሪያ የከተማዋ ሰው እስከ ዛሬ ኪንዳሳ እያለ ያስታውሰዋል። አሁን ትልቁ ሥራ የሚሠራው ከጅዳ በስተደቡብ፣ ሹዐይባ ላይ ነው። ሹዐይባ ለእኛ ለሐበሾች ሌላም ትርጉም አለው። የነቢዩ ሙሐመድ ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም ባልደረቦች እ.ኤ.አ. በ615 ወደ ነጃሺ አገር ሲሰደዱ መርከብ የተሳፈሩት ከዚያ ወደብ እንደነበር የታሪክ መጻሕፍት ይናገራሉ። ያኔ የተጨነቀ ሰው ወደ እኛ የተሻገረበት ወደብ ዛሬ ለመካ፣ ለጅዳና ለጣኢፍ ውኃ ይልካል።

እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ የጀመረው ሹዐይባ 3 የተባለው ጣቢያ በቀን 880,000 ሜትር ኩብ ውኃ እንዲያመርት ታስቦ የተሠራ ነበር፤ ባሕሩን አሙቆ በማትነን። የባሕር ውኃ ሲሞቅ ካልሲየም ካርቦኔትና ማግኒዚየም ሃይድሮክሳይድ የቧንቧው ግድግዳ ላይ ይጋገራሉ፤ በሻይ ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚቀመጠው ነጭ ነገር ዘመድ ነው። ጋገራው በወፈረ ቁጥር ሙቀት አያልፍም፣ ነዳጅ ይበላል፣ በመጨረሻ መሣሪያው ይቆማል። ይህን የሚከላከለው በአንድ ሊትር ጥቂት ሚሊ ግራም ብቻ የሚጨመር ኬሚካል ነው። አሁን በየቦታው ሜምብሬን የማትነኛውን ቦታ እየወሰደ ነው፤ ውኃው ከ60 ባር በላይ በሆነ ግፊት ይገፋል፣ ለአንድ ሜትር ኩብ የሚፈጀው ኤሌክትሪክም ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው። ተጣርቶ የወጣው ውኃ ደግሞ ማዕድን ስለሌለው ቧንቧ ይበላል፤ ስለዚህ ካልሲየም ይመለስለታል። በሐጅ ሰሞን ከሚሊዮን በላይ ሰው ሚና ላይ ሰፍሮ እያለ «ዛሬ አልተሳካልንም» ማለት አይቻልም። ይህን ሥራ በትክክል የሠራውን ኬሚስት ስም ማንም አያውቀውም፤ ውኃው ሳይቋረጥ መውረዱ ምስክሩ ነው።

ሙያችን በላቦራቶሪና በፋብሪካ መካከል ስላለው ገደል ያለው ትልቁ ታሪክ የአሞኒያ ታሪክ ነው። ፍሪትስ ሐበር በ1909 ከናይትሮጅንና ከሃይድሮጅን አሞኒያ በጠብታ እየወረደ እንደሚሠራ አሳየ። ካርል ቦሽ ያንን ጠብታ ፋብሪካ አድርጎ ጀርመን ኦፓው ላይ ያቆመው በ1913 ነው። በእነዚያ አራት ዓመታት ሃይድሮጅን ወደ ሪአክተሩ ብረት እየሰረገ ካርቦኑን ይበላው ነበር፤ ብረቱ ይሰባበራል፣ ይፈነዳል። ቦሽ የውስጡን ካርቦን በሌለው ለስላሳ ብረት ሸፈነው፤ የውጪውን ጠንካራ ብረት ደግሞ ሰርጎ የሚያልፈው ጋዝ እንዲወጣ በትናንሽ ቀዳዳዎች በሳው። የሥራ ባልደረባው አልዊን ሚታሽ ርካሽና ጽኑ ካታሊስት ፍለጋ በሺህ የሚቆጠሩ ሙከራዎች አካሄደ። ሐበር የ1918ን ኖቤል ወሰደ፤ ቦሽም በ1931 ተሸለመ። አሞኒያው ማዳበሪያ ሆኖ ዓለም ዳቦ የበላው ግን ሁለቱ ሲገናኙ ነው።

ይህ ታሪክ አሁን ወደ አገራችን እየመጣ ነው። በ2025 የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስና ዳንጎቴ ግሩፕ ጎዴ ላይ ከአሞኒያ የሚሠራውን የዩሪያ ማዳበሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለመገንባት ተፈራርመዋል፤ ዕቅዱ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን፣ ጋዙም ከካሉብና ከሂላላ ነው። ማዳበሪያ በሰዓቱ ሳይደርስለት ክረምት የገባበትን ገበሬ ለሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው። ማሽን በገንዘብ ይገዛል። ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት የግፊት መለኪያው ሲወዛወዝ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚያውቅ የፈረቃ መሪ ግን ከገበያ አይሸመትም፤ ዛሬ እዚህ ከተቀመጡት መካከል መውጣት አለበት።

ሁላችሁም ጎዴ ትገባላችሁ አልልም። ትንሽ ካፒታል ላለው ሰው እጣንን ላስታውስ። ከመተማና ከቋራ፣ ከትግራይና ከቤንሻንጉል ቆላ የሚለቀመው ነጭ እጣን ለዘመናት ወደ ዓረብ አገር ሲላክ ኖሯል። አሁንም በጆንያ፣ ጥሬውን ይላካል። መጋዘን ውስጥ ሴቶች ቁጭ ብለው በመጠንና በቀለም በእጃቸው ይለዩታል፤ ዓይናቸው የተካነ ነው። የሽቶ ፋብሪካ ግን ሌላ ጥያቄ አለው። የዚህ ነጭ እጣን ዘይት አብዛኛው ክፍል ኦክቲል አሲቴት ነው፤ የቦረናና የኦጋዴን እጣን ዘይት ግን ተርፒን ያመዝንበታል። ገዢው «ይህ ጆንያ ስንት እጅ ኦክቲል አሲቴት አለው? ካለፈው ዓመት ጋር ይመሳሰላል?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱን የምትሰጠው ጋዝ ክሮማቶግራፍ አንብባ የምትፈርም ኬሚስት ናት። አንድ ማጣሪያ፣ አንድ ላቦራቶሪ፣ አንድ እምነት የሚጣልበት ፊርማ፤ ከዚህ በኋላ ዋጋው በጆንያ አይነገርም። የእጣኑ ዛፍ ራሱም ችግር ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት ምርቱ በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል አስጠንቅቋል፤ ያረጀው እየተደማ ሳለ ችግኙ አያድግም። ካነሰ እጣን የበለጠ ገቢ ማግኘት ለዛፉም መዳኛ ሊሆን ይችላል።

«ነገ» ስል ምርቱን ብቻ ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ፋብሪካው የሚገፋው ቆሻሻም ነገ አለው። የአብያታ ሐይቅን ያየ ይህን ያውቃል። እዚያ ሶዳ አሽ ለማምረት የሐይቁ ውኃ እየተሳበ በፀሐይ ሲተን ኖሯል፤ ይህ የውኃ መሳብና ከላይ ለመስኖ የሚጠለፈው ውኃ ተደምረው ሐይቁን ከዳርቻው አሸሽተውታል። የቆዳ ፋብሪካ ክሮም፣ የማቅለሚያ ክፍል ባለቀለም ፍሳሽ፣ ባሕር የሚያጣራ ጣቢያ ወደ ባሕር የሚመልሰው እጅግ ጨዋማ ውኃ፤ ሁሉም የእኛ ፊርማ አለባቸው። በምርቱ ላይ ቁጥሩን በትክክል የጻፈ እጅ በፍሳሹ ላይ ሲደርስ መንቀጥቀጥ የለበትም። አለቃ ቁጥሩን አሳንስ ቢላችሁ፣ ከወንዙ በታች ከብት የሚያጠጣው ሰው አማናው እናንተ ዘንድ መሆኑን አስቡ።

ምክር አላበዛም። የመጀመሪያ ሥራችሁን ፈረቃ ላይ ጀምሩ፤ ቢሮ ይደርሳል። መዝገብ ያዙ፤ የተበላሸውን ባች ከተሳካው ይበልጥ በዝርዝር ጻፉት፤ ተተኪያችሁ የሚማረው ከእሱ ነው። ሃያ ዓመት ቦይለር አጠገብ የቆመ ሰው ስታገኙ ዲግሪያችሁን በር ላይ ትታችሁ «ጋሼ፣ ይህ ድምፅ ምንድን ነው?» በሉት። ይነግራችኋል፤ መጽሐፍ ላይ የሌለውን ይነግራችኋል።

እዚህ ያንቡዕ ወይም ራቢግ ሥራ አግኝታችሁ የምትቀሩ አላችሁ። ወቀሳ የለብኝም፤ ሥራ የሚማሩት ከሚሠራ ፋብሪካ ነው። የምትማሩትን ግን በጽሑፍ ያዙት፤ ለአገር ቤት ተማሪ በስልክ ምክር ስጡ፤ ዕረፍት ስትመጡ አንድ ቀን ለአንድ ፋብሪካ ስጡ። አዋሽ መልካሳ ለመጠጥ ውኃ ማጣሪያ የሚሆን አሉሚኒየም ሰልፌት የሚያመርቱት ወንድሞቻችሁም፣ ሞጆና ኮምቦልቻ ቆዳ የሚያለፉትም ጥያቄያቸው ብዙ ነው። የምትመለሱት ደግሞ ያልተሟላ ነገር እንደምታገኙ እያወቃችሁ ተመለሱ፤ የተሟላ ቢሆን ኖሮ እናንተን አይፈልግም ነበር።

እንግዲህ እንደ አገራችን ልማድ ልመርቃችሁና ልውረድ። እጃችሁን ዘርጉ።

አላህ ዕውቀታችሁን ጠቃሚ ያድርግላችሁ። ዓይናችሁን ከአሲድ፣ እጃችሁን ከእሳት ይጠብቅ። ሐላል እንጀራ፣ ቀና አለቃ፣ ታማኝ ባልደረባ ይስጣችሁ። ሚዛናችሁ አይዛባ፣ ፊርማችሁ አይታበል። የደከሙላችሁን ወላጆች ለመጦር ያብቃችሁ። አገራችንን ሰላም ያድርግልን፤ የጀመራችሁትንም ለፍሬ ያብቃው። አሚን በሉ።

መልካም ሥራ። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።